የስፔንዱሳ ግድግዳ

ስፔንዱሳ ቀኗን የምትጀምረው በአካፋ ነው። ፀሐይ ከፑቲዮሉስ ወደብ በላይ ብቅ ስትል ከሱቋ መዝጊያ አንድ ሳንቃ ብቻ ታነሣለች፣ በክፍተቱ ሾልካ ወደ ጎን መተላለፊያው ትዞራለች። አካፋ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣ ጥቂት ኖራ። አፍንጫዋ ላይ በሆምጣጤ የራሰ ጨርቅ ታስራለች። ከዚያ ሰው ግድግዳዋ ሥር ጥሎት የሄደውን ትዝቃለች።

የማን የማን እንደሆነ ታውቃለች። ማወቋ ራሱ ያስጠላታል። የእህል መርከብ አራጋፊዎቹ ከሽምብራ ሌላ ስለማይበሉ የእነርሱ ይለያል። ሰካራሞቹ ተቀምጠውም ጎንብሰውም ስለሚጥሉ የእነርሱ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ደግሞ በጎመን ቅጠል ይጠራርግና ቅጠሉን አጥፎ ድንጋዩ ላይ በሥርዓት አስቀምጦ ይሄዳል። ስፔንዱሳ ከሁሉም አብልጣ የምትጠላው ይህንን ሰው ነው። ሌሎቹ ቢያንስ ጨዋ ነን አይሉም።

ቤቱ ባለ አምስት ፎቅ ነው። የታችኞቹ ሁለቱ በጡብና ውኃ ውስጥ እንኳ በሚጠነክረው በአገሩ አሸዋ የተገነቡ ናቸው፤ የላይኞቹ በእንጨትና በጭቃ የተቀጠሉ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግድግዳውም ሰዉም እየሳሳ ይሄዳል። ከደረጃው ሥር ተከራዩ ሁሉ የሌሊት የሽንት ዕቃውን የሚገለብጥበት ጋን አለ። ልብስ አጣቢዎቹ ሽንቱን ለሥራቸው ቶሎ ካልወሰዱት ይሞላል፣ ሲሞላ ደረጃው ላይ ይፈሳል። ከገበያው ጀርባ የሕዝብ መጸዳጃ አለ፤ መቀመጫው እብነ በረድ፣ ከሥሩ የሚፈስ ውኃ ያለው። ግን በሩ ላይ ይከፈላል። የስፔንዱሳ ግድግዳ ነፃ ነው።

ባሪያ ሳለች ሥራዋ የጌቶቿን የሽንት ዕቃ መድፋት ነበር። አሮጊቷ እመቤቷ ስትሞት በኑዛዜ ነፃ አወጣቻት፤ ሱቁን የተከራየችውም በተተወላት ጥቂት ነገር ነው። ግብጦ፣ የምስር ወጥ፣ በሙቅ ውኃ የተበረዘ ወይን ትሸጣለች። ከባንኮኒው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ትተኛለች። ሌላ ቤት የላትም፣ ዘመድም የላትም። ነፃ የወጣች ዕለት ለራሷ የገባችው ቃል አንድ ነበር፤ ከእንግዲህ የሌላ ሰው ቆሻሻ አልነካም የሚል። ቃሉ የቆየው ሱቁን እስክትከራይ ድረስ ነው።

አንድ ጠዋት አካፋዋን ይዛ ስትዞር በቅሎ ነጂው ካሪኖስ ገና አልጨረሰም ነበር።

«ካሪኖስ፣ ቤት የለህም?»

«አለኝ እንጂ እትዬ ስፔንዱሳ። አምስተኛ ፎቅ።»

«ታዲያ?»

«ወጥቼ እስክወርድ በቅሎዋን ይሰርቁኛል።»

«የገበያው መጸዳጃስ?»

«እዚያ ያስከፍላሉ። አንቺ ደግ ነሽ።»

ተነሥቶ መታጠቂያውን አሰረ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞሮ ትኩስ ወይን አዘዘ። ቀዳችለት፤ ደንበኛ ነው። ሳንቲሙን የሰጣት በዚያው እጁ ነበር። በሆምጣጤ አጠበችው፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ ባንኮኒውን።

የቤቱ ባለቤት ወኪል ጥሮፊሞስ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እርሱም እንደ እሷ ነፃ የወጣ ባሪያ ነው፣ ግን ቀለበት ያደርጋል። ባንኮኒው ፊት ቆሞ የልብሱን ጫፍ አፍንጫው ላይ ያዘ።

«ሁለተኛ ፎቅ ያለው የእህል ሹም መስኮቴን መክፈት አቃተኝ ብሏል። እሱ ከለቀቀ ጌታዬ እኔን ነው የሚቆጣው። እኔ ደግሞ አንቺን።»

«እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ እንዴ ጋሼ?»

«በውልሽ ግድግዳውን የምታጸጂው አንቺ ነሽ።»

«በየቀኑ አጸዳለሁ። እነሱም በየቀኑ ይመጣሉ።»

«እንዳይመጡ አድርጊያ። የሙቀቱ ወር ሲብት ኪራይ ይታደሳል፣ ያን ቀን እመጣለሁ። ከሸተተኝ ሱቁን ለዓሣ ስጎ ነጋዴው እሰጠዋለሁ።»

«የዓሣ ስጎ አይሸትም?»

«ይሸታል» አለ ጥሮፊሞስ። «ግን ሰው ገንዘብ የሚያወጣበት ሽታ ነው።»

ስፔንዱሳ ያን ሌሊት አልተኛችም። ቆጡ ላይ ተጋድማ ከታች የሚመጣውን ሽታ እየማገች፣ ከዚህ ብትወጣ የምትገባበትን አሰበች። የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ቤት፣ የሰው ዕቃ መድፋት።

በማግሥቱ ሠዓሊውን ዲፊሎስን አስጠራች።

ዲፊሎስ ድሮ በባሕሩ ዳር የሀብታሞች ቤት ግብር የሚበላበትን አዳራሽ ግድግዳ በወፍና በፍራፍሬ ይሞላ ነበር። ወይኑ እጁን ሲያንቀጠቅጠው ወፎቹ ቀሩ። አሁን የሚስለው እባብ ነው። ሰው የሚጸዳዳበት ማዕዘን ሁሉ ላይ የሰፈሩን ጠባቂ እባብ ይስላል፤ በአምላክ ፊት ቀሚሱን የሚሰበስብ አይኖርም ተብሎ። በከተማው ውስጥ ከእርሱ በላይ የሰው ዓይነ ምድር መካከል ቆሞ የሠራ ሠዓሊ የለም።

ግድግዳውን አየ። ጫማውን አየ። ምራቁን ተፋ።

«አንድ ነው የምትፈልጊው ወይስ ጥንድ?»

«የሚያስፈራ ነው የምፈልገው።»

«የምስለው እባብ ነው እህቴ፣ አከራይ አይደለም።»

«የፊተኛው ማዕዘን ላይ የሳልከው የአህያ አንጀት ይመስላል። ሰዉ እዚያው ሥሩ ነው የሚቀመጠው።»

«እሱን ስስል ጠጥቼ ነበር።»

«እኔ ጋ ሳትጨርስ አትጠጣም» አለችው። የወይኑን ጋን ክዳን ዘግታ ድንጋይ ጫነችበት።

ግድግዳውን ራሷ አጠበች፣ ራሷ ለሰነች። ዲፊሎስ ሥራውን የጀመረው እያማረረ ነው። ዝንቡን እየረገመ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ በየመሐሉ ጋኑን እያየ። ሁለተኛው ቀን ላይ እጁ ረጋ። ሦስተኛው ቀን ላይ ማማረሩን ተወ፤ ምሳ ስታቀርብለት እንኳ ዞር አላለም። ሲጨርስ እባቡ ከመሬት እስከ ሰው ደረት ይደርስ ነበር፤ እንደ አውራ ዶሮ ቀይ ኩክኒ፣ ቢጫ ጺም፣ እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው የተሳለ። አንገቱን ወደ አንድ ትንሽ መሠዊያ ዘርግቷል፤ መሠዊያው ላይ እንቁላልና የጥድ ፍሬ አለ። ከሥር አንድ ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ ቁጢጥ ብሎ ወደ ላይ በድንጋጤ ያያል።

የእባቡ ዓይን የትም ቢቆሙ ይከተላል። ስፔንዱሳ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች። ከዚያ ድንጋዩን ከጋኑ ላይ አነሣች።

ሠራ። ካሪኖስ በማግሥቱ መጣ፣ መታጠቂያውን ፈታ፣ ቀና አለ፣ መልሶ አሰረ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ያየኛል።»

«ይይህ።»

«ሰው እንዴት ብሎ እየታየ ይጨርሳል?»

«ሌላ ቦታ ሄዶ ይጨርሳል።»

ባለ ጎመን ቅጠሉም ጠፋ። ስፔንዱሳ አካፋውን አጥባ ከቆጡ ሥር ሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት ሳንቃውን ስታነሣ የሚሸታት ከኮረብታው የሚወርደው የድኝ ሽታና የባሕሩ ብቻ ሆነ፤ እነርሱ ደግሞ የከተማው ናቸው፣ ማንንም አይወቅሱም። የእህል ሹሙ መስኮቱን ከፈተ። ኪራይ የሚታደስበት ቀን ገና ሩቅ ነበር፤ ስፔንዱሳ ግን የባንኮኒዋን የተሰበረ ድንጋይ አስጠገነች። የሚቀር ሰው ነው ባንኮኒ የሚያስጠግን።

አራተኛ ፎቅ ላይ እማማ ቴርቱላ የምትባል ባልቴት ነበረች። የልጅ ልጇን የምታሳድገው እሷ ናት። ሕፃኗ ከስፔንዱሳ እጅ ግብጦ መብላት ትወዳለች፤ ልጣጩን መትፋት ስለማትችል ስፔንዱሳ እየላጠች ታጎርሳታለች። ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። ቴርቱላ መድኃኒት ሞከረች፣ አልሆነም። አንድ ጠዋት አንድ እንቁላል ይዛ ወርዳ ከእባቡ ሥር አኖረች። ማታ ትኩሳቱ ለቀቃት።

«እኔስ የሽንት እባብ መስሎኝ ነበር» አለች ቴርቱላ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ። «እውነተኛ ነው ልጄ። ነይ ሳሚው።»

ስፔንዱሳ ደስ አላት። ሕፃኗን አቀፈቻት። እንቁላሉ እዚያው ከግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ ነበር፤ ምንም አልመሰላትም።

በማግሥቱ እንቁላሎቹ በዙ። አራጋፊዎቹ የዓሣ ጭንቅላት ይዘው መጡ፤ ለወገብ ሕመም። አንዲት ሴት ወተት አፈሰሰች፤ ልጅ እንድትወልድ። ከሌላ ሰፈር መጡ። በማርና በአይብ የተጋገረ ቂጣ አመጡ። አንድ ልብስ አጣቢ የአሳማ ግልገል አምጥቶ ደሙን ግድግዳው ላይ ረጨና አንጀቱን ከእባቡ አፍ ፊት ዘረጋው። ጸልየው ዞር ሲሉ ስፔንዱሳን ውኃ ይለምኗታል። ወይን የሚገዛ የለም፤ በባዶ ሆድ ነው የሚጸለየው።

ለእባቡ የተሰጠ የእባቡ ነው። ማንም አይነካውም። አይነሣም፣ አይጠረግም። እባቡ ራሱ ይበላዋል ይባላል።

እባቡ አልበላም። ሙቀቱ በረታ። ወተቱ ኮመጠጠ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። የዓሣዎቹ ዓይን ፈሰሰ። እንቁላሎቹ አንዳንዴ በራሳቸው ይፈነዳሉ፤ በፈነዱ ቁጥር የተሰለፈው ሰው ተቀበለን እያለ እጁን ወደ ከንፈሩ ወስዶ ይስማል። አንጀቱ ውስጥ ትል መላወስ ሲጀምር አንዷ ሴት ተንቀሳቀሰ ብላ አለቀሰች። ዝንቡ ከመተላለፊያው አልፎ ሱቁ ገባ፤ ምስሩ ላይ፣ ባንኮኒው ላይ፣ የስፔንዱሳ ከንፈር ላይ። ያ የድሮው ሽታ ይታጠብ ነበር። ይሄ ልብሷ ውስጥ ገባ፣ ጸጉሯ ውስጥ ገባ፣ የምትጎርሰው ዳቦ ላይ ተቀመጠ። ከቆጧ እየወረደች ታስመልስ ጀመር። ማስመለሻ ቦታ እንኳ አልነበራትም፤ መተላለፊያው ቅዱስ ነው።

አንድ የመንገድ ውሻ አባብላ ለቀቀችበት። ውሻው አንጀቱን ጎተተ። ሰዎቹ በድንጋይ ወግረው አባረሩት፤ ድንጋዮቹንም እዚያው ከመባው ጋር ተዉአቸው።

ጥሮፊሞስ ከቀኑ ቀደም ብሎ ብቅ አለ። ከሩቅ ቆመ።

«ይሄ ከበፊቱ ይከፋል ስፔንዱሳ።»

«ይከፋል። አስነሣልኝ።»

ወኪሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ? እጄ ይድረቅ ብለሽ ነው?»

«ቤቱ የጌታህ አይደለም? ሰው ላክ።»

«ቤቱ የጌታዬ ነው። ያ የእባቡ ነው።» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ... ለኪንታሮት ይሆናል ይላሉ?»

ስፔንዱሳ ከከንፈሯ ላይ ዝንብ አባረረች።

«መቀመጥ አቃተኝ እኮ» አለ።

«እንቁላል አምጣና ሞክር።»

«አመጣለሁ። ግን የኪራዩ ቀን ያው ነው። ሹሙ መስኮቱን በሰም አሽጎታል። ከሸተተኝ ትወጫለሽ።»

ዲፊሎስ ጋ ሄደች። ሠዓሊው ከመተላለፊያው ማዶ ጥላ ላይ ተቀምጦ ሰልፉን እያየ ነበር። በየቀኑ እዚያ ይቀመጣል። ልብሱ ታጥቧል። አልጠጣም።

«ዲፊሎስ፣ አጥፋልኝ። በኖራ ቀባው። የፈለግኸውን ጠጣ፣ ጋኑን እንዳለ ውሰደው።»

«ሥዕሉን?»

«ሥዕሉን።»

«በሀብታሞቹ አዳራሽ ወጣትነቴን ሙሉ ሣልኩ» አለ። «አጥንት እየጋጡ ጀርባቸውን ነበር የሚሰጡት። አሁን እያቸው። ተንበርክከው ነው የሚያዩት።»

«ትል ነው የሚያዩት።»

«እህቴ፣ የሣለው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው የመጣው።»

«ሽታው አይገባህም?»

«ሠላሳ ዓመት ምን መካከል ቆሜ እንደሠራሁ ታውቂያለሽ» አለ ዲፊሎስ። «እኔ አፍንጫ የለኝም።»

ካህን ዘንድም ሄደች። ካህኑ የሰፈሩ ሰው የሚያከብረውን መንካት አይገባም አላት። ቦታው ቢረክስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በድኝና በመሥዋዕት እስኪነጻ ድረስ ማንም መባ አያኖርበትም፣ ሲል እግረ መንገዱን ነገራት። ወጪው የሰፈሩ ነው። ይህንን ሲናገር በእጁ አፍንጫው ፊት ያራግብ ነበር። ሽታውን ይዛው እንደመጣች ያኔ ገባት።

የኪራዩ ቀን ዋዜማ፣ ሰዉ ከምሳ በኋላ ጥላ ፍለጋ በሚበተንበት ሰዓት፣ ሰልፉ አልተበተነም። ስፔንዱሳ የሱቋን ሳንቃዎች ዘጋች። እጇን በሆምጣጤ ታጠበች፤ ለምን እንደታጠበች አታውቅም። ወደ መተላለፊያው ዞረች። ሰዎቹ ልትጸልይ የመጣች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እማማ ቴርቱላ ሕፃኗን አዝላ ከፊት ቆማለች። ዲፊሎስ ማዶ ነው። ካሪኖስ በቅሎውን ይዟል።

ስፔንዱሳ መባዎቹ መካከል ገባች። እግሯ ሥር የሆነ ነገር ፈረጠ። ወደ እባቡ ዓይን ተመለከተች፤ እንደ ሁልጊዜው አያት። ጀርባዋን ሰጠችው፣ ልክ ሥዕሉ ላይ እንዳለው ሰው ቀሚሷን ሰበሰበችና ቁጢጥ አለች።

ዝንቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ስፔንዱሳ መሬት መሬቱን አላየችም፣ ሰዎቹን አየች። አንድ በአንድ። ሁሉም ዓይናቸው ከእርሷ በላይ ግድግዳው ላይ ነው፤ እባቡ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። በባርነት ዘመኗ የሁሉን ሰው ነገር ደፍታለች፣ የራሷን ግን ማንም አይቶባት አያውቅም። ሆዷ እምቢ አለ። ጠበቀች። ባለፈው ወር የቀመሰችውን ሁሉ፣ ዳቦው ላይ የነበረውን ጣዕም ሁሉ አሰበች። ያኔ ሆዷ ታዘዘ።

ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች። እባቡ አልወረደም።

«ስፔንዱሳ» አለች ቴርቱላ በቀስታ፤ «ምን አደረግሽ ልጄ?»

«አይተሻል እማማ።»

«ትኩሳቱ ከተመለሰባት በአንቺ ነው።»

«በእኔ ይሁን።»

ቴርቱላ ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ ፊቷን ሸፈነችባት፣ ደረጃውንም ወጣች። ልብስ አጣቢው ይዞት የመጣውን ዶሮ መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። የረከሰ ቦታ ላይ መባ አይኖርም። ማንጻት አለብን አለ አንዱ። ማን ይከፍላል አለ ሌላው። ሰፈሩ። የትኛው ሰፈር፣ እኛ ከወዲያ ማዶ ነው የመጣነው። ይህን እየተከራከሩ መተላለፊያውን ለቀቁ፤ ክርክሩ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ።

ዲፊሎስ የመጨረሻው ነበር። መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ይመታኛል ብላ ጠበቀች።

«ጋኑን ክፈቺው» አላት።

አካፋውን ከቆጡ ሥር አወረደች። አሁን መባ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ደግሞ በውሏ የእርሷ ነው። እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ አንጀቱን፣ የራሷንም አብራ ዛቀች። ባልዲ በባልዲ ላይ ደፋች። ድንጋዩን በኖራ ፈተገች። ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳውንም ለቀለቀች፤ እባቡ መጀመሪያ ጺሙ ጠፋ፣ ከዚያ ኩክኒው። ዓይኑ ሦስት ጊዜ ተቀብቶም ከኖራው ሥር ትንሽ ይታይ ነበር። ተወችው።

ጥሮፊሞስ በቀኑ መጣ፣ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልሎ። ግድግዳውን አየ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ኖራ ነው» አለ።

«ኖራ ነው ጋሼ።»

«ወሬውን ሰምቻለሁ። የዓሣ ስጎ ነጋዴውም ሰምቷል። እዚያ አልገባም፣ የተረገመ ነው ብሏል።» እንቁላሉን እጁ ላይ አገላበጠ። «እንግዲህ አንድ ዓመት ጨምሬልሻለሁ። ሌላ የሚወስደው ሰው የለም።» እንቁላሉን ባንኮኒው ላይ ትቶላት ሄደ። ቀቅላ በላችው።

ከዚያ በኋላ እማማ ቴርቱላ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ሕፃኗ አልታመመችም። አንዳንዴ ከአያቷ ትከሻ ላይ እጇን ወደ ግብጦው ትዘረጋለች፤ አያቷ እጇን ትመልሰዋለች። ስፔንዱሳ የላጠችውን ራሷ ትበላዋለች።

ኖራው ደርቆ ጥቂት ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት ሳንቃውን አነሣች። መተላለፊያው ውስጥ በቅሎ ቆማለች። ከበቅሎዋ ጎን ካሪኖስ ቁጢጥ ብሏል፣ ፊቱን ወደ ነጩ ግድግዳ አዙሮ።

«እንደምን አደርሽ እትዬ» አለ። «አሁን ማንም አያይም ብዬ ነው።»

የሆምጣጤውን ጨርቅ አፍንጫዋ ላይ አሰረች። አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ባልዲዋን ይዛ ቆመች።

«ቶሎ ጨርስ» አለችው።